ከባሕር ርቆ የሚዝግ ክሮም

አንባቢ ሆይ! ከጧቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወደ መሥሪያ ቤትዎ ወይም ወደ ትምህርት ቤትዎ ሲገሠግሡ በሐዋሳ መሃል ከተማ በመንገድ ዳር የቆመ አሮጌ ቮልስ ቢያጋጥምዎ፣ ለአንድ አፍታ ቆም ይበሉና የፊት መከላከያውን፣ የጋራዥ ሰዎች ፓራውልት የሚሉትን፣ ጐንበስ ብለው ይመልከቱ። ከላይ ሲያዩት ፊትዎን እንደ መስተዋት ያሳይዎታል። ጣትዎን ወደ ጀርባው አግብተው ሲዳስሱት ግን የሚሻክር ነገር ያገኛሉ፤ ጣትዎም ቡናማ ዱቄት ይዞ ይወጣል። ያው አንዱ ብረት በአንድ ፊቱ ሙሽራ፣ በሌላ ፊቱ ሬሳ ነው።

ባለቤቱን ምክንያቱን ቢጠይቁት መልሱ አያስቸግረውም። «የሐይቁ አየር ነዋ!» ይልዎታል። ጎረቤቱም ይህንኑ ይላል፤ የላቫጆ ሠራተኛውም ይህንኑ ይላል። እኔም ብዙ ዓመት ይህንኑ ስል ኖሬአለሁ። ነገሩ በደንብ ሲመረመር ግን ሐይቁ ባልሠራው ኃጢአት የተከሰሰ መሆኑ ይገለጣል። ዋናው ጥፋተኛ ሌላ ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ አገር በዚያው መኪና ላይ ተሳፍሮ የመጣ ነው። ስሙ ጨው ይባላል።

ይህ ነገር ለምን ይጠቅመኛል ይሉ ይሆናል። ከደመወዝዎ እየቆረጡ ዕቁብ የሚጥሉና አንድ ቀን አሮጌ መኪና ወይም ሞተር ብስክሌት ለመግዛት ያሰቡ እንደ ሆነ፣ ገንዘብዎን ከመክፈልዎ በፊት ይህን ማወቅ ይገባዎታል።

ሐይቁን ነጻ እናውጣው

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከጅቡቲ ወደብ በመኪና መንገድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ማዕበል ሲሰበር ወደ አየር የሚረጨው የባሕር ጨው ደግሞ ረጅም መንገደኛ አይደለም። አብዛኛው ከዳርቻው ጥቂት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይርቅ መሬት ላይ ይወድቃል። በአንድ የወደብ ከተማ ውስጥ ከባሕሩ ፊት ለፊት ያለው ቤት የመስኮት ብረቱ በዝገት ሲያልቅ፣ ከዚያው ከተማ ወደ ውስጥ ገባ ያለው ቤት ደኅና የሚሆነው ስለዚህ ነው። እንግዲህ የቀይ ባሕር ነፋስ ተራራውንና ሸለቆውን ተሻግሮ የሐዋሳን ቮልስ ያዘገዋል ማለት አይቻልም።

ታዲያ የራሱ የሐዋሳ ሐይቅ ውኃስ? እዚህ ላይ የተፈጥሮን አንድ ብልሃት ማድነቅ ያሻል። ሐይቁ የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ በገሃድ የሚወጣ ወንዝ የለውም። እንዲህ ያለው ሐይቅ ፀሐይ ውኃውን ብቻ እየወሰደች ጨውን ስለምትተውለት፣ በዘመናት ብዛት ጨዋማ መሆን ነበረበት። በአዲስ አበባ መንገድ ሻሸመኔን ካለፉ በኋላ የሚያገኟቸው ሻላና አብያታ በሶዳ የከበዱት እንደዚሁ ሆነው ነው። የሐዋሳ ውኃ ግን ቀስ እያለ ከመሬት በታች እየሰረገ ጨዉን ይዞ ስለሚሄድ፣ ሐይቁ ከጎረቤቶቹ ይልቅ ጣፋጭ ሆኖ ቀረ። በአሞራ ገደል በየማለዳው የሚወጣው ቆሮሶና አምባዛ ለዚህ ምስክር ነው።

እርግጥ ነው፣ ሐይቁ ለከተማዋ እርጥበት ይሰጣል። ሌሊት የወረደ ጤዛ በመኪና ላይ አድሮ ይገኛል፤ ዝናቡም ከበልግ እስከ ክረምት በብዙው ይጥላል። ነገር ግን በንጹሕ ብረት ላይ የወረደ ንጹሕ ጤዛ ፀሐይ ስትወጣ ይደርቃል፤ የሚያደርሰውም ጉዳት አዝጋሚ ነው። እርጥበት ክፉ የሚሆነው በብረቱ ላይ አስቀድሞ የሚጠብቀው ጨውና ጭቃ ሲያገኝ ነው።

ክሮም ራሱ አይዝግም

ይህ አባባል ሊያስገርምዎ ይችላል፤ ሆኖም እውነት ነው። ዝገት ማለት ብረት ከውኃና ከአየር ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ የሚሆነው ቡናማ አፈር ነው። ክሮም ደግሞ ከብረት የተለየ ራሱን የቻለ ማዕድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1797 ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሉዊ ኒኮላ ቮክለን ከሳይቤሪያ በመጣ ቀይ ድንጋይ ውስጥ አገኘው። ከሌሎች ነገሮች ጋር ሲዋሐድ ቀይም፣ ቢጫም፣ አረንጓዴም ስለሚሆን በግሪክኛ «ቀለም» ከሚለው ቃል ስም ወጣለት። የዕንቍዎቹ የመረግድና የሩቢ ቀለም እንኳ ከእርሱ የተገኘ ነው። አየር ሲነካው ወዲያውኑ በዐይን የማይታይ እጅግ ስስ ቆዳ ያበጃል፤ ያ ቆዳ አየርና ውኃ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቁ ይከለክላል። ቢቧጠጥም ቆዳውን በቅጽበት መልሶ ያበጃል። ጭረት ራሱ ሲሽር እንደ ማየት ነው።

መኪናና ክሮም ግን አብረው አልተወለዱም። እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሊ በ1900 ዓ.ም. ከጅቡቲ ያስነሣውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ አግብቶ ለዐፄ ምኒልክ ባቀረበ ጊዜ፣ በዓለም መኪኖች ላይ የሚያብረቀርቀው ጌጥ ናስ ነበረ። ናስ ውበት አለው፤ ግን ዕለት ዕለት ካልተወለወለ ይጠቁራል። ቀጥሎ ኒኬል መጣ፤ እሱም ከጊዜ ብዛት ቢጫ እየመሰለ ይፈዛል። ክሮምን በኤሌክትሪክ ኀይል በሌላ ብረት ላይ ማልበስ ለፋብሪካ ሥራ የበቃው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው። ከዚያ በኋላ የመኪና ፋብሪካዎች እርስ በርሳቸው ተሽቀዳደሙ። በ1950ዎቹ የአሜሪካ መኪኖች ከፊት እስከ ኋላ በክሮም ተሸልመው የሠርግ በቅሎ መስለው ነበር። በአገራችንም ቮልስ፣ ፔዦና ላዳ በመከላከያቸው፣ በመብራታቸው ክብና በቸርኬአቸው ክዳን ይህንኑ ጌጥ ይዘው ገቡ።

አሁን ወደ ምስጢሩ እንምጣ። የአንድ ቮልስ መከላከያ ዋናው አካሉ ተራ ብረት ነው። በብረቱ ላይ ኒኬል፣ አንዳንድ ጊዜም ከኒኬሉ በታች መዳብ፣ ይለብሳል። ክሮሙ በመጨረሻ ከላይ ይመጣል። ውፍረቱስ ምን ያህል ነው? ኒኬሉ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 40 ማይክሮን፣ ማለት የሚሊ ሜትር ሺኛ፣ ነው። ክሮሙ ግን ከግማሽ ማይክሮን ብዙም አይበልጥም። ከአንድ ሰው ጠጉር ውፍረት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ መሆኑ ነው! እርስዎ «ክሮም» ብለው የሚያደንቁት ውፍረትና ክብደት በሙሉ የኒኬሉ ነው፤ ክሮሙ በላዩ የተጣለ ነጠላ ነው።

ነጠላው ደግሞ ቀዳዳ አለው። ክሮም ሲለበስ በዐይን የማይታዩ ስንጥቆችና ቀዳዳዎች አብረውት ይፈጠራሉ። በእነዚህ ውስጥ ጨዋማ ውኃ ሲሰርግ ክሮሙ ምንም አይሆንም፤ ከሥሩ ያለው ኒኬል ግን ይቦረቦራል። ጉድጓዱ እየጠለቀ ሄዶ አንድ ቀን ብረቱ ላይ ይደርሳል። ያን ጊዜ በሚያብረቀርቀው ፊት ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀይ ነጥብ ብቅ ትላለች። ባለቤቱ «ዛሬ መዛግ ጀመረ» ይላል፤ እርሷ ግን ከብዙ ጊዜ በፊት የጀመረ ሥራ ፍጻሜ ናት።

እዚህ ላይ ከቤትዎ ጣራ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ዚንክ የለበሰ ብረት ነው። ዚንክ ለጌታው የሚሞት አሽከር ነው፤ ቆርቆሮው ቢጫርና ብረቱ ቢጋለጥ እንኳ ዚንኩ አስቀድሞ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያድናል። ኒኬልና ክሮም ግን የዚህ ተቃራኒ ናቸው። ብረቱ በአንድ ቀዳዳ በተጋለጠ ጊዜ እነርሱ ይድናሉ፤ ብረቱ ግን ብቻውን ሆኖ ሊዝግ ከሚችለው በላይ በፍጥነት ይዝጋል። ርካሹ ቆርቆሮ ከውዱ መከላከያ ይልቅ ታማኝ መሆኑን ሳስብ ብዙ ጊዜ ይገርመኛል።

የጨው መንገድ

ጨው ለአባቶቻችን ገንዘብ ነበረ፤ አሞሌ እየተባለ ከገበያ ገበያ ዞሯል። ለመኪና ግን ጠላት ነው፤ ጠላትነቱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛ፣ ጨው ያለበት ውኃ የኤሌክትሪክ ንዝረትን በደንብ ያስተላልፋል፤ ዝገት ደግሞ በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚካሄድ ሥራ ነው። በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ የሚባለው ክፍልም የብረትንና የኒኬልን መከላከያ ቆዳ ይበሳል። ሁለተኛ፣ ጨው ውኃ ጠሪ ነው። የአየሩ እርጥበት ከመቶ 75 እጅ ሲደርስ ደረቅ የገበታ ጨው ራሱ ከአየር ውኃ እየሳበ ይቀልጣል። የባሕር ጨው ከዚያም ባነሰ እርጥበት መርጠብ ይጀምራል። በክረምት የወጥ ቤት ጨው በዕቃው ውስጥ ሲረጥብ ያዩት ይኸው ነው። ጨው ያረፈበት መከላከያ ስለዚህ ዝናብ ሳይዘንብ፣ ጤዛም ሳይወርድ፣ ሌሊቱን ሁሉ ርጥብ ሆኖ ያድራል። ጎኑ የቆመው ንጹሕ መኪና ግን ደርቆ ያድራል።

እንግዲህ የሐዋሳ እርጥበት የሚፈርደው በሁሉ ላይ እኩል አይደለም። ጨው ተሸክሞ በመጣው ላይ ይጨክናል፤ ንጹሑን ግን ይምራል።

ጨዉ ከየት መጣ ቢሉ መንገዱ ብዙ ነው። ወደ አገራችን የሚገባው መኪና ሁሉ ማለት ይቻላል በባሕር ተጭኖ መጥቶ በወደብ ይራገፋል። የቀይ ባሕር ውኃ በሊትር 40 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ከአብዛኞቹ ባሕሮች ይበልጣል። በወደብ ግቢ ቀረጡ እስኪጨረስ ሳምንታት የቆመ መኪና ሙቀቱንም፣ እርጥበቱንም፣ ጨዉንም አንድ ላይ ይቀበላል። ከዚያ ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ደጋው ሲወጣ አቧራው በርጥቡ ጨው ላይ ይለጠፋል፤ ሐዋሳ ሲደርስ ከመከላከያው ጀርባ፣ ከጭቃ መጋረጃው ሥር፣ ከማርሚታው ማንጠልጠያ ላይ የተጋገረ ቅርፊት ሆኗል። ላቫጆ ሲገባ የሚታጠበው ፊቱ ነው፤ ጀርባውን ማን ያየዋል?

ሁለተኛው መንገድ ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ይነሣል። በዚያ አገር ክረምት ሲገባ መንገዱ ላይ የረጋውን በረዶ ለማቅለጥ ጨው ይበትናሉ። ጎማው ያንን ጨዋማ ጭቃ እያነሣ መኪናውን ከሥሩ ይቀባዋል። ከእንዲህ ዓይነት አገር የመጣ አሮጌ መኪና ባሕር ዳር አንድ ቀን ሳይቆም በባሕር ዳር የኖረውን ያህል ሊበላ ይችላል። ሦስተኛው የራሳችን ነው። በአፋር ከባሕር ወለል በታች ባለው በአፍዴራ ሐይቅ ዙሪያ የሚመረተው ጨው በከባድ መኪና ተጭኖ ወደ መላው አገር ይሄዳል። ጨው ሲያመላልስ የኖረ የጭነት መኪና ወለሉና ዕቃ መያዣው ሲመረመር ታሪኩን ራሱ ይናገራል።

ከመግዛትዎ በፊት

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ብዙ ዓመት ያገለገሉ መኪኖችን ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ አገደ። ከዚህ የተነሣ አስቀድሞ አገር ውስጥ የገባው አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ዋጋውም ከዕድሜው ጋር አይወርድም። ወጣቱ ጸሓፊ ወይም አዲሱ መምህር የሚገዛው አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ባለቤት ሆኖ ነው።

ሻጭም ይህን ያውቃል። ቀለሙን አድሶ፣ ወንበሩን አልብሶ፣ መከላከያውን ወልውሎ ያቀርብልዎታል። ቀለም ብዙ ነገር ይሸፍናል። ክሮምን ግን እንደ ቀለም በርካሽ ማደስ አይቻልም፤ ስለዚህ ክሮም ከመኪናው አካል ሁሉ ለመዋሸት የማይመች ምስክር ነው። እኔ የምመክርዎ ይህን ነው፤ መኪናውን ለማየት በቀን ይሂዱ፤ ነጭ ጨርቅ፣ አነስተኛ የእጅ ባትሪና ማግኔት ይያዙ። በመጀመሪያ የመከላከያውን ጀርባ በጨርቁ ይጥረጉ። በፊቱ በኩል የተበታተኑ ቀይ ነጥቦች፣ በጀርባው የሚላቀቅ ቅርፊት ካገኙ፣ ያ መኪና አንድ ቦታ ጨው በልቷል ብለው ይጠርጥሩ። ከዚያ ባትሪውን ይዘው ከሥሩ ይግቡ፤ ሻንሲውን፣ የበሮቹን ታችኛ ጠርዝ፣ የመለዋወጫ ጎማው የሚተኛበትን ጉድጓድ ይዩ። መከላከያውን የበላ ጨው ሻንሲውን አልፎ የሚሄድበት ምክንያት የለውም። መከላከያ ቢበላሽ መኪናው ይሄዳል፤ ሻንሲ ሲበላ ግን የሚያስፈራው የገንዘቡ ነገር ብቻ አይደለም።

በብርማ ቀለም የተረጨ መከላከያም አለ። በሩቁ ክሮም ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት ግን ፊትዎን አያሳይም። የተረጨው ለምን እንደ ሆነ ሻጩን ይጠይቁት።

ማግኔቱ ለምን ይሆናል ላሉኝ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በተሠሩት አነስተኛ የጃፓን መኪኖች ላይ የሚያብረቀርቀው ጌጥ አብዛኛው ክሮም የለበሰ ፕላስቲክ ነው። ማግኔት አይዘውም፤ አይዝግምም። ሲያረጅ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል እንጂ ስለ ጨው የሚነግርዎ ነገር የለም። የማግኔቱ ጥቅም ምስክሩን ከሐሰተኛው መለየት ነው።

የእኔ ብስክሌት

ሐዋሳ ሜዳማ በመሆኗ ከጥንት ጀምሮ የብስክሌት ከተማ ናት፤ እኔም በተማሪነቴ አንዲት ያገለገለች ብስክሌት ነበረችኝ። በመሪዋ ላይ አራት ወይም አምስት ቀይ ነጥቦች ባየሁ ጊዜ ከወጥ ቤት የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ወስጄ፣ አመድና ጥቂት አሸዋ ጨምሬ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ስፈትጋት ዋልሁ። አበራች! እሑድ በኩራት ነድቼ ሐይቅ ዳር ወረድሁ። ክረምቱ ሳይወጣ ግን መሪዋ በሙሉ ቡናማ ሆነ፤ እጄና የሸሚዜ እጅጌ በዝገት እየተነከረ ክፍል እገባ ነበር።

ያጠፋሁትን የተረዳሁት ብዙ ቆይቶ ነው። በአሸዋው ያንን የመቶ አንድ እጅ ነጠላ አንሥቼ ጣልሁት። ከሽቦው የተበጣጠሰው የብረት ብናኝም በጭረቱ ውስጥ ቀርቶ ራሱ ዘገበት። አምስት ነጥብ ለማዳን ብዬ መላውን መሪ ገደልሁ።

ምን ማድረግ ይሻላል?

የመጀመሪያው መድኃኒት ውኃ ነው። ጨው በውኃ ይሟሟል፤ ስለዚህ ከወደብ የመጣን ወይም ባሕር ዳር ቆይቶ የተመለሰን መኪና በመጀመሪያ ሳይፈትጉ፣ ሳሙናም ሳይነኩ፣ በብዙ ንጹሕ የቧንቧ ውኃ ማራስና ማጠብ ነው። ጎማው ከሚያነሣው ጭቃ ጋር የሚገናኘውን ሥሩንና የመከላከያውን ጀርባ በተለይ ያጥቡ። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ በማግሥቱ ይድገሙት፤ የተጋገረው ቅርፊት የሚለቅቀው ሲርስና ሲቆይ ነው። ሐሩር ፀሐይ ላይ አይጠቡት፤ ውኃው በቶሎ ሲደርቅ በውስጡ ያለው ማዕድን ነጭ ምልክት ሆኖ ይቀራል። በስምጥ ሸለቆ የጕድጓድ ውኃ ማዕድን ስለሚበዛበት ይህ በእኛ ዘንድ ይብሳል።

ኦሞ ለልብስ ነው። በመኪናው ላይ ያለውን ሰም ሁሉ ገፎ ራቁቱን ይተወዋል። ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በጥቂቱ ይበቃል። ካጠቡ በኋላ በአሮጌ የጥጥ ሸሚዝ እስኪደርቅ ያብሱት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰንፋል፤ ማድረቁ ግን ከማጠቡ አይተናነስም።

ሁለተኛው መድኃኒት ሰም ነው። ሰም በክሮሙ ቀዳዳዎች አፍ ላይ ተቀምጦ ውኃ እንዳይገባ ይዘጋል። በሱቅ የሚሸጠው የመኪና ሰም ደኅና ነው። አቅም ካነሰ ግን ኢትዮጵያ ከአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ አገር መሆኗን አይርሱ፤ የንብ ሰም በገበያ አይጠፋም። ጥቂት ሰም በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ያቅልጡና ከእሳቱ ፈጽመው ካራቁ በኋላ፣ ቀለም ቀቢዎች አኳራጅ ከሚሉት ማቅጠኛ ጋር ይለውሱት። ማቅጠኛው በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ወደ እሳት አይጠጋ። ሲቀዘቅዝ እንደ ቅባት ይሆናል። ስስ አድርገው ይቀቡ፤ ሲደርቅ በንጹሕ ጨርቅ ይወልውሉ። በሐዋሳ በየሦስት ወሩ ቢደረግ ይበቃል። ሥራ ወደ ጅቡቲ የሚያመላልስዎ ከሆነ ግን እጥበቱን በየሳምንቱ፣ ሰሙን በየወሩ ያድርጉት።

ለብስክሌትና ለሞተር ብስክሌት ከዚህም የቀለለ አለ፤ እሱም ቫዝሊን ነው። ዕረፍት ወደ ቤተ ሰብዎ ሲሄዱ ብስክሌቷ ለሁለት ወር የምትቆም ከሆነ መሪዋንና ቸርኬዋን በስስ ቫዝሊን ይቀቡ። ሲመለሱ ይጥረጉት። አቧራ ስለሚይዝ ግን ለምትነዳ ብስክሌት አይሆንም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የሚወዱ አሉ፤ መኪናውን ጭቃ ሰብሳቢ ከማድረግ በቀር ትርፉ አይታየኝም። በፕላስቲክ ሸራ ማልበስም እንዲሁ ነው፤ ዝናቡን ይከለክላል፣ ነገር ግን ከውስጥ ላብ ያበጃል። መኪናው በጣራ ሥር አየር እያገኘ ቢቆም ይመረጣል።

ቀይ ነጥብ አስቀድሞ ወጥቶ እንደ ሆነስ? ብርጭቆ ወረቀትና የወጥ ቤት ሽቦ አይንኩ፤ የእኔን ብስክሌት ያስቡ። ምግብ የሚጠቀለልበትን የአሉሚኒየም ወረቀት ጨምድደው ውኃ ያስነኩና ነጥቡን በቀስታ ይሹት። አሉሚኒየም ከክሮም ይልቅ እጅግ ለስላሳ ስለሆነ ዝገቱን ያነሣል፤ ክሮሙን ግን አይጭረውም። ቡናማው ዝቃጭ ሲወጣ አጥበው፣ አድርቀው፣ ወዲያውኑ ሰም ይቀቡት። ቀዳዳው አልተደፈነም፤ አፉ ግን ተዘግቷል። ክሮሙ አብጦና ተነሥቶ ከሆነ ግን በቤት ውስጥ የሚደረግ ነገር የለም። ያለውን ገፎ እንደገና መዳብ፣ ኒኬልና ክሮም ማልበስ ያስፈልጋል፤ ይህም በብዙ ጥንቃቄ የሚሠራ የባለሙያ ሥራ ነው፤ የሚነከርበት የክሮም አሲድ ካንሰር የሚያመጣ ብርቱ መርዝ ነውና።

አንድ ነገር አጥብቄ ላስጠንቅቅ። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ዝገትን እንደሚያጠፋ የሚመክሩ ሰዎች አሉ። ያጠፋል! ከዝገቱ ጋር ክሮሙንም ያሟሟዋል፤ በጉድጓዱ ውስጥም ያንኑ ክሎራይድ ትቶ ይሄዳል። በረኪናም ከዚህ ወገን ነው። ከገንዘብ አውጥቶ ጨው እንደ መግዛት ያለ ነው። በሞተር ብስክሌት ማርሚታ ላይ ከሞተሩ አጠገብ የሚታየው ሰማያዊና ወርቅማ ቀለም ደግሞ የሙቀት ምልክት እንጂ ዝገት አይደለም፤ ስለ እርሱ አይጨነቁ።

ስለ ሐይቁ አንድ ቃል ጨምሬ ላብቃ። መኪናቸውን ነድተው እስከ ውኃው አፍ ድረስ ወስደው በዚያው ቀድተው የሚያጥቡ አሉ። ለመኪናው ከቧንቧ ውኃ የተሻለ አይደለም፤ በሐይቁ ውኃ ውስጥ ያለው ማዕድን በክሮሙ ላይ ደርቆ ይቀራል። ለሐይቁ ግን ክፉ ነው። አስቀድሜ እንዳልሁት የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ከመኪናው የታጠበው ዘይት፣ ግራሶና ሳሙና የሚወስደው አጥቶ እዚያው ከቆሮሶው ጋር ይኖራል። መኪናውን አበላህ ተብሎ ያለ ጥፋቱ ሲከሰስ የኖረው ሐይቅ ነው እንግዲህ የመኪናውን ቆሻሻ የሚጠጣው።

ዛሬ ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ በራስዎ ብስክሌት ወይም በጎረቤትዎ ቮልስ ላይ አንድ ፈተና ሊያደርጉ ይችላሉ። ጣትዎን ውኃ ነክረው በክሮሙ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ያንጠባጥቡ። ጠብታው እንደ ዶቃ ተሰብስቦ ከቆመ ሰሙ አለ ማለት ነው። ተዘርግቶ ከፈሰሰ ግን ሰሙ አልቋልና፣ ቅዳሜ ጧት ጨርቅና ውኃ ያዘጋጁ።